ከድስት የወጣ ስም፦ ስካውስ

እንደምን አመሻችሁ? ከመካከላችሁ ቀይ ማሊያ ለብሳችሁ የመጣችሁ አያለሁ። ወሬው ስለ ሊቨርፑል ነው ሲባል ሰምታችሁ ስለ ዝውውር እናወራለን ብላችሁ ከሆነ ይቅርታ። ኳስ ይመጣል፤ ግን ዘግየት ብሎ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ መቀነሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

የማወራው ስለ አንድ ቃል ነው፤ ስካውስ። በእንግሊዝ ሰሜን ምዕራብ፣ የመርዚ ወንዝ ባሕር ከሚገባበት ዳር ሊቨርፑል አለች። እዚያ ስካውስ በድስት የሚሠራ ምግብ ነው። የከተማውን ሰውም ከዚያው ወስደው ስካውሰር ይሉታል። ሰዉ የሚናገረው የእንግሊዝኛ ዘዬም ስካውስ ነው። አንድ ሰው ስካውስ እየበላ በስካውስ ሊያወራችሁ ይችላል፤ ያኔ ስካውሰር ለመሆኑ ብዙም አትጠራጠሩ።

ስለዚህ ስም የሚነገር አንድ ደስ የሚል ተረት አለ። ወጡ ከብዙ ነገር የተቀላቀለ ነው፤ ከተማውም ከአይሪሹ፣ ከዌልሹ፣ ከቻይናው፣ ከአፍሪካዊው የተቀላቀለ ነው፤ ስለዚህ ስሙ ተስማማው ይባላል። ለጎብኚ የሚታደል ወረቀት ላይ ያምራል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ሰዎቹ በዚህ ስም የተጠሩት ስለተቀላቀሉ አይደለም። ርካሽ ምግብ ስለሚበሉ ነው። ዛሬ የማስረዳችሁ ይህንኑ ነው፤ ካላሳመንኳችሁ በጥያቄ ሰዓት ትይዙኛላችሁ።

መጀመሪያ ድስቱን እንየው። የበሬ ወይም የበግ ሥጋ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ውኃ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ። በዝግታ ረጅም ሰዓት ይበስላል። ሥጋው ከርካሹ ብልት ነው፤ አንገት ይሆናል፣ ጠንካራ ሥጋ ይሆናል። ከድንቹ ግማሹ ቀድሞ ይገባና ፈርሶ መረቁን ያወፍረዋል፤ የቀረው በኋላ ገብቶ ቅርጹን እንደያዘ ይቀራል። አጠገቡ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቀይ ጥቅል ጎመን ወይም ቀይ ሥር ይቀርባል፣ ዳቦም አለ። ወጥ ብዬ ጀመርኩ እንጂ ለእኛ ምላስ ለቅቅል የቀረበ ነው። ቀምሳችሁ "በርበሬው የታለ?" ብትሉ አልፈርድባችሁም። ሥጋ የሌለበት ደግሞ "ዕውር ስካውስ" ይባላል። የጾም ነው እንዳትሉ። የጾመው ኪስ ነው።

ይህ ምግብ ሊቨርፑል ውስጥ አልተፈጠረም፤ ከባሕር ነው የመጣው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ብቅ የሚለው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው፤ ያኔ ሙሉ ስሙ ሎብስካውስ ነበር። የመርከበኛ ምግብ ነው። መርከብ ላይ ትኩስ ሥጋ እንደልብ የለም፤ ጨው የበላው ሥጋ በበርሜል ይጫናል። ዳቦ ስለሚሻግት በእሱ ፋንታ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ብስኩት ይያዛል። መርከበኛው ብስኩቱን ይሰባብራል፣ ሥጋውን ይከታትፋል፣ ሽንኩርት ካለ ይጨምርና ያፈላዋል። መረቁን የሚያወፍረው ብስኩቱ ነበር። ምግቡ ከመርከብ ወርዶ ቤት ሲገባ ቦታውን ድንች ወሰደው። የቃሉን ሥር ለመፍታት ብዙ ተሞክሯል፤ አንዱም ሁሉን አላሳመነም፤ እንለፈው።

መርከበኛ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ሃምቡርግ ብትሄዱ ላብስካውስ ታገኛላችሁ፤ ጨው የበላው ሥጋ ከድንችና ከቀይ ሥር ጋር ተፈጭቶ ሮዝ ሆኖ ይመጣል፤ ላዩ ላይ የተጠበሰ እንቁላል፣ ጎኑ ላይ ዓሣና ኪያር አለ። መልኩ አያስደስትም፣ እውነቱን ልናገር። ኖርዌይ ውስጥ ላፕስካውስ ነው። ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ኖርዌጂያውያን ስደተኞች የሰፈሩበት ስምንተኛው ጎዳና "ላፕስካውስ ቡለቫርድ" የሚል ቅጽል ስም ነበረው። ሰሜን ዌልስም የራሱ አለው። በሊቨርፑልና በማንችስተር መካከል ያለችው ሌይ የምትባል ከተማ ደግሞ ምግቡን "ሎቢ" ትለዋለች፤ ጎረቤቶቿም ሰዎቿን "ሎቢ ዋጮች" እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ። አንድን ሰፈር በሚበላው መጥራት የሊቨርፑል ብቻ ዕጣ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃዬ ልምጣ። ሰር ፍሬድሪክ ኢደን በ1797 ስለ እንግሊዝ ድሆች ኑሮ ሰፊ ጥናት አሳተመ። እዚያ ውስጥ የሊቨርፑል የድሆች መጠለያ የምግብ ወጪ ተዘርዝሯል። "ለስካውስ" ተብሎ የተመዘገበው ይህ ነው፦ የበሬ ሥጋ 101 ፓውንድ፣ ድንች 420 ፓውንድ፣ ሽንኩርት 28 ፓውንድ። በኪሎ ሥጋው 46 ገደማ፣ ድንቹ 190፣ ሽንኩርቱ 13 ያህል ነው። ለአንድ ኪሎ ሥጋ ከአራት ኪሎ በላይ ድንች ማለት ነው። የቤት እመቤቶች ሳቃችሁ፤ ገብቷችኋል። ይህ የሀብታም ድስት አይደለም። ቃሉም በዚያ መዝገብ ላይ "ሎብ" የሚለውን ጥሎ ስካውስ ብቻ ሆኗል። ሊቨርፑል ያን ጊዜ ድሃ ከተማ አልነበረችም፤ ልብ በሉ። በባሪያ ንግድ ቀዳሚዋ የእንግሊዝ ወደብ ነበረች፤ ንግዱ በሕግ የተከለከለው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ በ1807 ነው። ወደቡ ላይ ወርቅ ይታፈሳል፤ መጠለያው ውስጥ ድንች ይቀቀላል።

ታዲያ ሰዉ ስካውሰር የተባለው መቼ ነው? ብዙ ሰው ጥንት ይመስለዋል። አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሊቨርፑል ሰው "ሊቨርፑድሊያን" ወይም ደግሞ "ዲኪ ሳም" ይባል ነበር። ስካውሰር የሚለው ቅጽል የገነነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን በጦር ሠራዊቱና በባሕር ኃይሉ ውስጥ ነው። ወታደር እርስ በርሱ ሲጠራራ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ከዚያ የመጣ ልጅ ሁሉ በአንድ ስም ይጠራል፣ ስሙም ብዙ ጊዜ ማላገጫ ነው። "እናንተ ስካውስ በላተኞች" ማለት ነበር። አነጋገሩን ስካውስ ማለት የተለመደው ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ፍራንክ ሾው የተባለ የከተማው ጸሐፊ ከ1950 ጀምሮ ስለ ቃላቱ በጋዜጣ እየጻፈ አስለመደው። በ1966 ደግሞ ዘዬውን የሚያስተምር የቀልድ መጽሐፍ ወጣ። እዚያ ሲደርስ ነገሩ ተገልብጧል፤ የሚያላግጠው ራሱ ባለቤቱ ሆኗል።

ስለ ቅልቅሉ ተረት ሌላው ቅሬታዬ ይኸውላችሁ። ሊቨርፑል ከእንግሊዝ ቀደምት የጥቁር ሕዝብ መኖሪያዎች አንዷ ናት። የቻይና ሰፈሯም በአውሮፓ ከቀደሙት ነው። እነዚህ ሰዎች ግን በድስቱ ውስጥ እኩል አልተቆጠሩም። በ1919 ነጮች ተሰብስበው ጥቁር መርከበኞችን አሳደዱ፤ ቻርልስ ዉተን የተባለ ወጣት ወደብ ውኃ ውስጥ ገብቶ በድንጋይ እየተወገረ ሞተ። ከ1945 እስከ 1946 ደግሞ ለጦርነቱ ያገለገሉ ቻይናውያን መርከበኞችን መንግሥት በስውር እየሰበሰበ ወደ ቻይና መለሰ፤ ብዙዎቹ እዚያው ያገቡና የወለዱ ነበሩ። ሚስቶቻቸው ጥለውን ሄዱ ብለው ያሰቡ አሉ። የሊቨርፑል ክለብ የተመሠረተው በ1892 ነው። የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች፣ የከተማው ተወላጅ ሃዋርድ ጌይል፣ ለዋናው ቡድን የተሰለፈው በ1980 ነው። ሂሳቡን ሥሩት። "ሁላችንም የተቀላቀልን ነን" የሚለው ዘፈን የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን፣ ወደ አነጋገሩ። እዚህ ላይ ዘግየት እላለሁ፤ ታገሱኝ።

በፊት የሊቨርፑል ሰው እንደ ዙሪያው የላንካሻየር ሰው ነበር የሚናገረው። ከዚያ የአየርላንድ የድንች ረሃብ መጣ። በ1847 ብቻ ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ አይሪሾች ሊቨርፑል ወረዱ። ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ አለፉ፤ ለመርከብ የሚከፍሉት ያልነበራቸው ቀሩ። በ1851 ቆጠራ ከከተማው ሰው ከአምስት አንዱ በላይ አየርላንድ የተወለደ ነበር። ዌልሾችም በብዛት ነበሩ። በአንድ ቅያስ ውስጥ ይህ ሁሉ አፍ ሲጋጠም የልጆቹ አነጋገር አዲስ ሆኖ ወጣ። አየርላንድ ያስቀረችው አሻራ በጆሮ ይሰማል። እንግሊዞች "ዛት" የሚሉትን የሊቨርፑል ሰው "ዳት" ሲል ትሰሙታላችሁ።

ከሁሉ የሚጥመኝ ግን "ዩዝ" ነው። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ፣ እርስዎ ብለን የምንለየውን እንግሊዝኛ በአንድ "ዩ" ጠቅልሎ ተገላግሏል። አንድ ሰው ይሁን አሥር፣ ያው "ዩ" ነው። አይሪሾቹ ይህ አልበቃቸውም፤ በራሳቸው ቋንቋ አንተና እናንተ ለየብቻ ነበሩ። ስለዚህ ለብዙው "ዩዝ" አሉ። ሊቨርፑልም ያዘችው። መምህራን ስህተት ነው እያሉ ሲያርሙ ኖረዋል። እኔን ከጠየቃችሁ እናንተ የሚል ቃል የሌለው ቋንቋ ነው መታረም ያለበት።

ሌላው "ክ" ነው። የሊቨርፑል ሰው "ባክ" ሲል "ባኽ" ይላል። "ቡክ" ደግሞ "ቡኽ" ነው። ይህን ለለንደን ልጅ በጽሑፍ ማሳየት ጣጣ ነው፤ ለእኛ ግን ፊደሉ ራሱ አለን። መንዝ ወይም ወሎ "ከየት መጣህ?" ሳይሆን "ኸየት መጣህ?" የሚሉ አዛውንት የሰማችሁ፣ ምላስ ምን እያደረገ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ትግርኛ የምትችሉ ደግሞ ከአናባቢ ቀጥሎ የሚመጣ ክ እንዴት እንደሚላላ አይጠፋችሁም። ሊቨርፑልም ወደዚያው ነው። ቃል ሲጀምር ክው በአብዛኛው ደህና ነው፤ ከአናባቢ በኋላ፣ በተለይ ቃሉ ሲያልቅ ይላላል። ዝምድና አለው ብዬ አይደለም፤ ነገ ፌስቡክ ላይ "ስካውስ ከግዕዝ መጣ" የሚል እንዳላይ! አፋችን አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው።

"ት"ም አትተርፍም። ቃል መጨረሻ ላይ ትሟሽሽና "ዋት" የሚለው "ዋህ" ይሆናል። በሁለት ቃላት መካከል ስትገባ ደግሞ "ር" ትሆናለች፤ "ጌት ኦፍ" የሚለው "ገሮፍ" ነው፣ "ሎት ኦፍ" ደግሞ "ሎራ"። የፀጉርን "ሄር" እና "እሷን" የሚለውን "ኸር" ለይተው አይጠሩም፤ ሁለቱም አንድ ናቸው። ዜማውም ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሌሎች እንግሊዞች አፍንጫው የተደፈነ ሰው ይመስላል ይላሉ። በወደቡ ብርድና እርጥበት ጉንፋን የያዘው ሁሉ ነው እንዲህ ያስለመደው የሚል ማብራሪያ የሚሰጡም አሉ። በጉንፋን ቀበልኛ የሚፈጠር ቢሆን አዲስ አበባ በክረምት ስንት ዘዬ ይኖራት ነበር?

ቃላቱንም ጥቂት ላቅምሳችሁ። "ቦስ" አሪፍ ማለት ነው። "ሳውንድ" ይመቻል እንደማለት። "ጃርግ" እኛ ፎርጅድ የምንለው ነው። "ሌኪ" መብራት፣ "ኦዚ" ሆስፒታል፣ "ቢዚስ" ፖሊስ፣ "ጂገር" በቤቶች ጀርባ የሚያልፍ ቀጭን ቅያስ። አረፍተ ነገር ሁሉ "ላ" ብሎ ሊያልቅ ይችላል፤ "አንተ ልጅ" እንደማለት ነው። የከተማው የሙዚቃ ቡድን ቢትልሶች በ1960ዎቹ ይህን አፍ ለዓለም አሰሙ፤ ከአራቱ የጆርጅ ሃሪሰን አነጋገር ጠንከር ያለው ነበር።

ዓለም ቢሰማውም አገሩ አላከበረውም። ስለ አነጋገር ክብር በእንግሊዝ በተደረጉ ጥናቶች ሊቨርፑል ከበርሚንግሃም ጋር ታች ላይ ስትቀመጥ ኖራለች። ነገሩ ከድምፁ አይደለም፤ እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው ብታሰሙት የትኛው ዘዬ የበታች እንደሆነ አይነግራችሁም። የተናቁት ተናጋሪዎቹ ናቸው። ወደቡ ሥራ ሲያጣ ከተማው ደኸየ። በ1981 ቶክስቴዝ በተባለው ሰፈር ረብሻ ሲነሳ፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ጄፍሪ ሃው ከተማዋ ቀስ በቀስ እንድትዳከም መተውን እንደ አማራጭ አንስቶ ነበር፤ ሰነዱ ይፋ የሆነው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። በ1989 ደግሞ ሂልስቦሮ ስታዲየም ውስጥ 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ያለቁበት አደጋ ደረሰ፤ ዘ ሰን ጋዜጣ ጥፋቱን በደጋፊዎቹ ላይ ለጠፈ። ውሸት ነበር። ከተማው እስከ ዛሬ ጋዜጣውን አይገዛም። "እኛ እንግሊዛዊ አይደለንም፣ ስካውስ ነን" የሚለው የስታዲየም መፈክር ከየት እንደመጣ አሁን ይገባችኋል።

ቀይ ማሊያ የለበሳችሁ፣ ተራችሁ ደረሰ። የተቃራኒ ቡድን ደጋፊዎች ሊቨርፑልንም ሌላውን የከተማውን ክለብ ኤቨርተንንም ሲያበሽቁ የሚዘፍኑት አንድ ነገር አለ። "ስካውሰሮቹን መግቧቸው" ይላል። ዜማውን ስትሰሙት ታውቁታላችሁ። በ1984፣ በእኛ 77 ድርቅ ጊዜ፣ የእንግሊዝ ዘፋኞች ተሰብስበው ለእኛ እርዳታ የዘፈኑት ነው። ግጥሙን ቀይረው የእኛን ረሃብ ማሰባሰቢያ የሊቨርፑል መስደቢያ አድርገውታል። አንዳንዶቻችን ቲቪ ፊት ቁጭ ብለን ዜማውን ሰምተን አብረን አንጎራጉረን ይሆናል። እኔን ይህ ነገር ያስቆጣኛል፤ በሁለት በኩል። ግን ለክርክሬም ይመቸኛል። በ1797 መዝገብ ላይ የድሃ ቀለብ የነበረ ቃል ዛሬም ሲወረወር የሚወረወረው ከረሃብ ጋር ነው። ማንም "እናንተ የተቀላቀላችሁ" ብሎ አልሰደባቸውም።

እነሱስ ምን አደረጉ? ከ2015 ጀምሮ የሊቨርፑልና የኤቨርተን ደጋፊዎች በአንድነት፣ ፋንስ ሰፖርቲንግ ፉድባንክስ በሚል ስም፣ በጨዋታ ቀን ስታዲየም በር ላይ ለተቸገሩ ምግብ ይሰበስባሉ። ለስድቡ ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም።

ስም አንዴ ክብር ሲሆን ደግሞ አጥር ይበጅለታል። ማን ነው እውነተኛው ስካውሰር? ከከተማው ውጭ ያለውን "ዉል" ይሉታል፤ የበግ ጠጉር ማለት ነው፣ ገጠሬ እንደማለት። ከወንዙ ማዶ ከዊራል የመጣው "ፕላስቲክ ስካውሰር" ይባላል። አንድ የታወቀ መለኪያ አለ፦ የደጃፍህ የቆሻሻ ገንዳ ሐምራዊ ካልሆነ ስካውሰር አይደለህም። የሊቨርፑል ከተማ ምክር ቤት ገንዳዎች ሐምራዊ ናቸውና። ቀዩና ሰማያዊው ክለብ እንዳይቀያየሙ ሁለቱ ተደባልቀው ነው ይባላል። መለኪያው ግን ጣጣ አለው። የሊቨርፑል ክለብ ስመ ጥር ተጫዋቾች የነበሩትን እንይ፤ ስቲቨን ጄራርድ ያደገው ሃይተን ነው፤ ጄሚ ካራገር የቡትል ልጅ ነው። ሁለቱም ሰፈሮች በሊቨርፑል ከተማ ምክር ቤት ሥር አይደሉም። በገንዳው ሕግ ከሄድን ሁለቱም ወጡ፣ ለማንችስተር ዩናይትድ የተጫወተው የክሮክስቴዙ ዌይን ሩኒ ግን ገባ። የማንችስተር ደጋፊዎች፣ ለምን እንደምትስቁ ገብቶኛል።

ጥያቄዎች ነበሩ፤ ሁለቱን ብቻ እዚህ አስፍሬያቸዋለሁ።

አንዲት እህት፣ ቴሌቪዥኑና ኢንተርኔቱ ዘዬውን አያጠፋውም ወይ ብላ ጠየቀች። በብዙ የእንግሊዝ አካባቢዎች ዘዬዎች እየተቀራረቡ ነው። ሊቨርፑል ውስጥ ግን ያጠኑ የቋንቋ ሰዎች ያገኙት ሌላ ነው፤ ወጣቶቹ አንዳንዱን ድምፅ ከአያቶቻቸው አጥብቀው ይይዛሉ። ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት የከተማውን ሰው ወደ ከርክቢ፣ ወደ ስኬልመርስዴል፣ ወደ ረንኮርን ሲያሰፍር አነጋገሩም አብሮ ሄደ። ስለዚህ ከመጥፋት ይልቅ ግዛት እያሰፋ ነው።

ከኋላ አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ፣ "መሐመድ ሳላህስ? ስንት ዓመት ተጫወተላቸው፤ ስካውሰር አይባልም?" አለ። አዳራሹ ሳቀ። ቶክስቴዝ የተወለደ የሶማሌ መርከበኛ የልጅ ልጅ ቢሆን ያለምንም ማንገራገር ስካውሰር ነው እል ነበር፤ የከተማው አፍ አፉ ነው። ሳላህ ግን የግብፅ፣ የናግሪግ ልጅ ነው። ንጉሥ ብለው ዘፍነውለታል፤ ንጉሥነቱን ይውሰድ። እኔ "ዩዝ" ሲል ሰምቼው አላውቅም።